አምስቱ መድኃኒትና ሦስቱ መድኃኒት

አምቦ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙም ያልራቀ ግቢ ውስጥ ነን። አጎት በባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የበቆሎ ሙከራ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ቴክኒሻን ናቸው። የእህታቸው ልጅ አዲስ አበባ የምትሠራ የደም በሽታዎች ሐኪም ናት፤ ለበዓል መጥታለች። ወሬያቸው ጌዶ ስላሉት ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሊምፎማው በኬሞ ጠፍቶላቸው ነበር፤ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ ተመለሰ።

አጎት፦ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትናንት የወንድሜ የበኩር ልጅ ከሚኒሶታ ደውሎ ነበር። ለተመለሰ ሊምፎማ አምስት መድኃኒት ባንድ ላይ የሚሰጥ አዲስ ሕክምና ተገኘ ብሎ ቤቱን በደስታ ሞላው። ቪፖር ይሉታል አለ። እውነት ነው ወይስ የስልክ ወሬ?

ሐኪሟ፦ እውነት ነው፣ ጋሼ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ያካሄደው ሙከራ ነው፤ ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. በትልቅ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ቬኔቶክላክስ፣ ኢብሩቲኒብ፣ ፕሬድኒሶን፣ ኦቢኑቱዙማብ፣ ሌናሊዶማይድ። አራቱ የሚዋጡ ናቸው፤ አንዱ በደም ሥር ይሰጣል። በየ21 ቀኑ ስድስት ዙር ይወሰድና ያበቃል።

አጎት፦ ስንቱ ዳነ?

ሐኪሟ፦ «ዳነ» የሚለውን ትንሽ ያቆዩልኝ። እንደኛ ሰው ዓይነት ሊምፎማ፣ ትልልቅ ቢ ሴል የሚባለው፣ የነበረባቸው 50 ሰዎች ናቸው። ውጤታቸው ሊመዘን ከቻለው 48ቱ ውስጥ በ54 በመቶው ዕብጠቱ በግልጽ ቀነሰ፤ በ38 በመቶው በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ጠፋ። ሁለት ዓመት በሽታው ሳይነሳባቸው የሚቆዩት 34 በመቶ ሆነው ተሰሉ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ሌላ ሕክምና ሁሉ ሞክረው ያልሆነላቸው ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳይንቁት።

አጎት፦ አልናቅሁትም። ግን ማነጻጸሪያው ምን ነበር?

ሐኪሟ፦ አልነበረም። ሁሉም ያንኑ አምስቱን ነው የወሰዱት።

አጎት፦ እንዴት ሆኖ? ባኮ እኮ አዲስ ዝርያ ይዘን ማሳ ስንወርድ ነባሩን አጠገቡ ሳንዘራ ብንመለስ አለቃችን በር ላይ ነበር የሚጠብቀን። አዲሱ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ሰጠ ብትዪ ማን ይሰማሻል? ዝናቡ ጥሩ ሆኖ ቢሆንስ? መሬቱ ድሮ የከብት በረት የነበረበት ቢሆንስ?

ሐኪሟ፦ ይቺ ጥያቄዎ ወደ ሆስፒታል የመጣችው ከማሳ ነው። ሮናልድ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ በ1920ዎቹ ሮታምስቴድ በሚባል የእርሻ ጣቢያ ሲሠራ ነው የትኛው ማሳ የትኛውን ማዳበሪያ ያግኝ የሚለው በዕጣ ይወሰን ያለው። ሐኪሞች ተከትለውት በ1948 የቲቢ መድኃኒቱን ስትሬፕቶማይሲን በዕጣ በተለዩ ሕሙማን ላይ የፈተኑበትን ሙከራ አሳተሙ። የቪፖሩ ዓይነት ሙከራ ደግሞ ከዚያ የሚቀድም ደረጃ ነው። መጠኑ ስንት ይሁን፣ አምስቱ አንድ ሰው ሆድ ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ ወይ፣ የሚሠራ ነገርስ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ካለው ይበልጣል ወይ የሚለውን ገና አልጠየቀም።

አጎት፦ ስለዚህ የልጁ ደስታ ትንሽ ቸኩላለች።

ሐኪሟ፦ ትንሽ። ሌላም አለ። በምርመራ እስከማይታይ የጠፋላቸው ሰዎች ሁሉም ከተወሰኑ ንዑስ ዓይነቶች ወገን ናቸው፤ ሌሎቹ ላይ እንዲህ ያለ ውጤት አልታየም። የኛ ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ለማወቅ ናሙናው በልዩ ልዩ ማቅለሚያ መታየት አለበት። ያለዚያ አምስቱንም መድኃኒት ጌዶ ድረስ በአውሮፕላን ብታመጡላቸው በጨለማ እንደመተኮስ ነው።

አጎት፦ እሺ፣ ይህን ያዝኩልሽ። ግን ለምንድን ነው የሚደባለቀው? አንዱ ጎበዝ መድኃኒት ለብቻው ቢሰጥ ምን ይጎድለዋል?

ሐኪሟ፦ ያንኑ የቲቢ ሙከራ ልጨርስልዎት። ስትሬፕቶማይሲን ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች መጀመሪያ ተሻላቸው። ወራት ሲቆጠር ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለመደው። ቀጥሎ በተደረገ ሙከራ ፓስ የሚባል ሁለተኛ መድኃኒት ሲጨመርበት መልመዱ በጣም ቀነሰ። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የቲቢ ሕክምና ሲጀመር አራት መድኃኒት ያለው ለዚህ ነው። አንዱን የሚያመልጥ ሴል ሌላው ይይዘዋል ነው ነገሩ።

አጎት፦ ስለ ቲቢ ካነሳሽ ወንድሜም መጀመሪያ አንገቱ ላይ ንፍፊት ሲወጣበት ለወራት የተሰጠው የቲቢ መድኃኒት ነበር። የት እንደሆነ ተይው።

ሐኪሟ፦ እሱን ያደረገውን ባለሙያ ለመውቀስ አልቸኩልም። አገራችን ውስጥ የንፍፊት ቲቢ ብዙ ነው። ሊምፎማም እንደሱ ያተኩሳል፣ ሌሊት በላብ ይነክራል፣ ያከሳል። በቀጭን መርፌ የተወሰደች ትንሽ ናሙና ደግሞ ሁለቱን ሁልጊዜ አትለይም። የሚያናድደኝ መድኃኒቱ ሳይሠራ ሲቀር ንፍፊቱን ሙሉውን አውጥቶ የሚያይ መጥፋቱ ነው። ወራት የሚበላው እዚያ ላይ ነው።

ግን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ኬሞ የሚባለው ነገር ከማን እንደተወለደ ያውቃሉ? ከሰናፍጭ ጋዝ ነው።

አጎት፦ የቱ? ያ ጣሊያን ያዘነበብን?

ሐኪሟ፦ የሥጋ ዘመዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጋዙ የተጎዱ ወታደሮች ነጭ የደም ሴላቸው እየጠፋ እንደሞቱ ሐኪሞች ጽፈው ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ጉድማንና ጊልማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ አሰቡበት፤ ነጭ ሴልን የሚያጠፋ ከሆነ በነጭ ሴል ካንሰር ላይ ለምን አይሞከርም አሉ። በጋዙ ውስጥ ያለው ሰልፈር በናይትሮጅን የተተካበትን ውሕድ ሊምፎማ አንገቱንና ደረቱን ለወረረው አንድ ሰው በደም ሥር ሰጡት። ጦርነት ስለነበር በምስጢር ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1946 ነው። ዕብጠቱ በቀናት ውስጥ ቀለጠ።

አጎት፦ ከዚያስ?

ሐኪሟ፦ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ። ደግመው ሰጡት፤ የሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ያነሰ ሠራ። ሰውየው በዚያው ዓመት ሞተ። እንግዲህ «የተመለሰ ሊምፎማ» የሚባለው ችግር የመጀመሪያው ኬሞ በተሰጠበት ዓመት አብሮት የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

አጎት፦ አባቴ ከማይጨው ሲመለስ ግንባሩና ክንዱ ላይ የቆዳ ጠባሳ ነበረው። ዝናብ ሳይሆን የሚያቃጥል ጠል ነው የወረደብን ይል ነበር። ስንጠይቀው ሌላ አይጨምርም።

ሐኪሟ፦ ጋዙ መጣል የጀመረው ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ ነው። ጃንሆይ በ1936 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ለዓለም ተናገሩ። የጣሊያን መንግሥት በይፋ ያመነው ግን በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። የዘማቾቹን ቁስል ያጠቡ የውጭ አገር የቀይ መስቀል ሐኪሞች ነበሩ፤ እንደ ዬል ሰዎች ተቀምጦ የደም ሴል የሚቆጥርበት ፋታ ግን ማን ነበረው? አንዳንዴ ለሕመምተኛ ሳይክሎፎስፋማይድ ሳዝዝ ይህ ይመጣብኛል። ሳይክሎፎስፋማይድ የዚያ ውሕድ ልጅ ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ የተሠራ። ጌዶው አጎቴም ስድስት ጊዜ ወስደውታል።

አጎት፦ ይህን ለእሱ እንዳትነግሪው። አባታችንን ያቃጠለ ነገር ሰጣችሁኝ ብሎ ይሟገትሻል።

ሐኪሟ፦ ቢሟገቱም እውነት አላቸው። እሺ፤ በአንዱ መድኃኒት ሲታከም በሽታው ሲመለስ፣ በሌላውም ሲመለስ ሃያ ዓመት ሄደ። ከዚያ በ1960ዎቹ ቪንሰንት ደቪታ የሚባል ወጣት ሐኪምና ጓዶቹ፣ እዚያው የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ውስጥ፣ ሆጅኪን ለሚባለው ሊምፎማ አራት መድኃኒት ቀላቀሉ። ያው ናይትሮጅን ያለበት የጋዙ ዘመድ፣ ከማዳጋስካር አበባ የሚገኘው ቪንክሪስቲን፣ ፕሮካርባዚንና ፕሬድኒሶን። ሞፕ ይሉታል። አራቱን የመረጡት ጉዳታቸው የተለያየ ቦታ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ነው። አንዱ መቅኒን ይጎዳል፣ ሌላው የእጅና የእግር ነርቭን፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በሙሉ መጠኑ መስጠት ይቻላል። በ1970 ባወጡት ጽሑፍ ከ43 ሕሙማን በ81 በመቶው ዕብጠቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። ብዙዎቹ ላይም አልተመለሰም። ከዚያ በፊት አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ሙከራ ጭካኔ ነው ይሉት ነበር።

አጎት፦ አራት ከሠራ ስድስት፣ ስምንት ማድረግ ነዋ።

ሐኪሟ፦ እንደዚያው ነው ያደረጉት። ለእኛ ሰው ዓይነት ሊምፎማ ቾፕ የሚባል የአራት መድኃኒት ቅልቅል በ1970ዎቹ ወጣ። ከዚያ እነ ማኮፕ ቢ፣ ፕሮሜስ ሳይታቦም መጡ፤ ስማቸው እንኳ አፍ ላይ አይመችም። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት መድኃኒት የያዙ ናቸው። እያንዳንዱ በወጣበት ሆስፒታል ማነጻጸሪያ ሳይኖረው ሲታይ ከቾፕ በጣም የተሻለ መሰለ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሐኪም ቾፕን ጥሎ ወደነሱ ሄደ።

አጎት፦ ማነጻጸሪያ የሌለው ማሳ።

ሐኪሟ፦ በመጨረሻ ወደ 900 የሚጠጉ ሕሙማን በዕጣ በአራት ተከፍለው ቾፕና ሦስቱ አዳዲሶች ተነጻጸሩ። በ1993 ውጤቱ ወጣ። ሦስት ዓመት በሕይወት የቆዩት በአራቱም ከ50 እስከ 54 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት የሌለው ያህል ነው። 54ቱ የማን እንደሆነ ይገምቱ።

አጎት፦ የቾፕ።

ሐኪሟ፦ የቾፕ። በመድኃኒቱ ጉዳት የሞተው ደግሞ በቾፕ 1 በመቶ፣ በማኮፕ ቢ 6 በመቶ። ቾፕን ያሸነፈው ሌላ ቅልቅል ሳይሆን አንድ ጭማሪ ብቻ ነው፤ ሪቱክሲማብ፣ በሴሉ ላይ ያለውን ሲዲ 20 የሚባል ምልክት ፈልጎ የሚይዝ። እሱም በዕጣ ተነጻጽሮ ነው የገባው፤ በ2002 የፈረንሳይ ሐኪሞች ያሳተሙት።

አጎት፦ ወንድሜ ወስዷል?

ሐኪሟ፦ ያኔ አላገኙትም። አሁን ዋጋቸው የቀነሰ ተመሳሳይ ምርቶች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ዝርዝር ውስጥ መግባትና መጋዘን ውስጥ መገኘት ግን ሁለት ነገር ነው።

ቅልቅል ስል አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰው መድኃኒቶቹ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያበዛል ብሎ ያስባል። ፓልመርና ሶርገር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2017 የብዙ ሙከራዎችን ቁጥር አገላብጠው ሲያዩ ብዙ ጊዜ ይህ አያስፈልግም አሉ። ሕመምተኞች ይለያያሉ፤ አንዱ ለዚህ ይመልሳል፣ ሌላው ለዚያ። ማን ለየትኛው እንደሚመልስ አስቀድመን ስለማናውቅ ሁሉንም እንሰጣለን። ይህ ከሆነ አንድ ሰው ከአምስቱ የሚጠቀመው ምናልባት በሁለቱ ብቻ ነው፤ የሦስቱን ጉዳት በከንቱ ይሸከማል።

አጎት፦ ነገሩ ገባኝ። እንግዲህ ለተመለሰበትስ? ደግሞ ቾፕ ይሰጠዋል?

ሐኪሟ፦ አይሆንም። እርሳስ ይያዙ። ቾፕ ውስጥ ያለው ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ልብን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ይጠራቀማል። በአንድ ዙር በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 50 ሚሊግራም ነው። ስድስት ዙር ወስደዋል።

አጎት፦ 300።

ሐኪሟ፦ ከ450 እስከ 500 አካባቢ ሲደርስ ልብ መድከሙ በጣም ያሰጋል። ደግሞም ካንሰሩ እነዚያን አራቱን አይቷቸው ተመልሷል። ስለዚህ ሌላ ወገን መድኃኒት ይፈለጋል። በ1995 ፓርማ የሚባል ሙከራ ወጣ። ሊምፎማ ለተመለሰባቸው 215 ሰዎች ሲስፕላቲን ያለበት ቅልቅል፣ ዲሃፕ የሚሉት፣ ሁለት ዙር ተሰጠ። ዕብጠቱ የቀነሰላቸው 109ኙ ብቻ በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ያንኑ ቀጠሉ፣ ግማሾቹ የራሳቸው መቅኒ ቀድሞ ተወስዶ ተቀመጠላቸውና በጣም ከፍተኛ ኬሞ ተሰጥቷቸው መቅኒው ተመለሰላቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው 53 በመቶ፣ በሌሎቹ 32 በመቶ ነበሩ።

አጎት፦ ህንድ ሄዶ ይታከም የሚሉት ለዚህ ነው! ልጁም እሱን ጨምሮ ነበር ያወራው። ወንድሜ ሁለቱን በሬ ለመሸጥ ተስማምቷል፤ የቀረውን ልጆቹ ይሞላሉ ተባለ።

ሐኪሟ፦ በሬውን? ቆይ፣ ወደሱ እንመለሳለን። በመካከሉ ትልቁ ጥያቄ ንቅለ ተከላ ከመታሰቡ በፊት ዕብጠቱን የሚያቀልጠው የትኛው ቅልቅል ነው የሚለው ነበር። ኮራል የሚባል የአውሮፓ ሙከራ ሁለቱን ታዋቂዎች አነጻጸረ፤ በ2010 ወጣ፤ እኩል ናቸው። እኔ ግን የምወደው የካናዳውን ነው። 2014። 619 ሰዎች። ዲሃፕን ከጂዲፒ ጋር አነጻጸሩ። ጂዲፒ ሦስት መድኃኒት ብቻ ነው፤ ጄምሲታቢን፣ ዴክሳሜታሶን፣ ሲስፕላቲን።

አጎት፦ የበለጠው ማን ነው?

ሐኪሟ፦ ማንም። ዕብጠቱ የቀነሰላቸው በአንዱ 45 በመቶ፣ በሌላው 44። እነሱም የጠየቁት ይበልጣል ወይ ብለው ሳይሆን አያንስም ወይ ብለው ነው። ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ግን በዲሃፕ 61 በመቶ፣ በጂዲፒ 47። ዲሃፕ አልጋ ይፈልጋል፤ ጂዲፒን አብዛኛው ሰው ተመላልሶ ወሰደው፣ ማታ ቤቱ እያደረ። ሦስቱም የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ብዙ ፋብሪካ ይሠራቸዋል።

ሰው ስለ አምስቱ ሲያወራ ስለነዚህ ሦስቱ የሚያወራ የለም። የእኛ ጥያቄ ግን ይህ ነው። ቅልቅል ሲፈተን ስንት መድኃኒት ቢጨመርበት ነው የሚሠራው ብቻ ተብሎ መጠየቅ የለበትም። ስንት ቢቀነስለት፣ የት ቢሰጥ፣ በየስንት ቀኑ ቢሆን ነው ሰው ሳያቋርጥ የሚጨርሰው የሚለውም ሳይንስ ነው። የጌዶ ገበሬን የሚመለከተው ደግሞ ይሄኛው ነው።

አጎት፦ የት ነው የሚወስደው ታዲያ? አዲስ አበባ አይደል?

ሐኪሟ፦ የመጀመሪያውን ቀን አዎ። ሲስፕላቲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ሰዓታት የሚፈጅ ጨው ያለበት ውሃ በደም ሥር አብሮ ይሰጣል።

አጎት፦ ውሃ ከሆነማ የአምቦ ውሃ ከዚህ ይዞ ይሂድ!

ሐኪሟ፦ (ሳቀች) ጋዙ ከማቅለሽለሹ ጋር አይስማማም፤ ተራውን ውሃ ይጠጡ። በስምንተኛው ቀን ግን ጄምሲታቢን ብቻ ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ ያህል። ለዚች ሠላሳ ደቂቃ ሰው ሌሊት ከጌዶ ተነስቶ፣ አምቦ ላይ መኪና ቀይሮ፣ በጊንጪና በሆለታ አስኮ ይደርሳል፤ ከዚያ ጥቁር አንበሳ፣ ከዚያ ወረፋ። የደም ምርመራው ነጭ ሴል አንሷል ካለ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ይመለሳል። ደሙ ከዋዜማው አምቦ ቢታይ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። ስምንተኛው ቀን መድኃኒቱም እዚሁ አምቦ ቢሰጥስ? ጉዳቱ ይጨምራል? የሚያቋርጠው ሰው ይቀንሳል? ይህ በዕጣ ሊፈተን የሚችል ጥሩ ጥያቄ ነው። ሚኒሶታ ያለ ሐኪም ደግሞ አይጠይቅልንም።

አጎት፦ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሙከራ ማን ያደርጋል? ነጮች ናቸው የሚያደርጉት።

ሐኪሟ፦ ካምፓላን ልንገርዎት። ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በ1958 ኡጋንዳ ውስጥ የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ሊምፎማ ገለጸ፤ በሽታው ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1967 ሙላጎ ሆስፒታል ውስጥ የሊምፎማ ማዕከል ተከፈተ። ጆን ዚግለር የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ከኡጋንዳ ሐኪሞችና ነርሶች ጋር ሳይክሎፎስፋማይድን፣ ከዚያም ቅልቅሎችን በዕጣ እየፈተነ ሠራ። ለተመለሰ ሊምፎማ የሚጠቅም አንድ ትልቅ ነገር የታየው እዚያ ነው፤ ሕክምናው ባለቀ በጥቂት ወር ውስጥ የተመለሰበት ልጅ በሽታው መድኃኒቱን ለምዷል፤ ረጅም ጊዜ ቆይቶ የተመለሰበት ግን ዳግመኛ ታክሞ ይድናል።

አጎት፦ የኛ ሰው ዓመት ከመንፈቅ ቆይቷል።

ሐኪሟ፦ የበርኪት ሊምፎማ ዓይነቱ ሌላ ስለሆነ አንድ ነው አልልም፤ ግን በኛም ዓይነት ከዓመት በኋላ የተመለሰ ከዓመት በፊት ከተመለሰ የተሻለ ተስፋ አለው። በዓመት ውስጥ ለተመለሰባቸውማ ሀብታም አገሮች የራስን ነጭ ሴል አሠልጥኖ የመመለስ ሕክምና፣ ካርቲ የሚሉትን፣ ከንቅለ ተከላ ማስቀደም ጀምረዋል። ካምፓላን ልጨርስ፤ በ1972 ትልቁ የላስከር ሽልማት ለካንሰር መድኃኒት ሕክምና ሲሰጥ ከተሸለሙት መካከል በርኪት፣ ዚግለር፣ ደቪታ፣ ካሜሩናዊው ቪክቶር አኖማ ንጉም ነበሩ። በዚያው ዓመት በኢዲ አሚን ምክንያት አሜሪካኖቹ ሲወጡ ቻርለስ ኦልዌኒ የተባለ ኡጋንዳዊ ማዕከሉን ተረክቦ ይዞ ቆየ። መድኃኒት ሲጠፋም፣ ጥይት ሲጮህም። ቅርብ ጊዜም ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ሪቱክሲማብ ከቾፕ ጋር በአገሩ ሁኔታ ሊሰጥ ይችላል ወይ ብለው ቁጥራቸው አርባ ባልሞላ ሰዎች ላይ ፈትነው በ2021 አሳተሙ። በሰው ብዛት ትንሽ ነው፤ ጥያቄው ግን የራሳቸው ነው።

አጎት፦ እኛስ ምን ጎደለን?

ሐኪሟ፦ ሐኪም አይደለም በዋናነት። ጥቁር አንበሳ የደም ሕክምና ስፔሻሊስት ያሠለጥናል። የካንሰር ሕክምናም ወደ ጅማ፣ ጎንደርና ሐዋሳ ወጥቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. የካንሰር መድኃኒት በቅናሽ እንዲገባ ከመድኃኒት ፋብሪካዎች ጋር ስምምነት ሲደረግ ከስድስቱ የአፍሪካ አገሮች አንዷ እኛ ነበርን። የሚጎድለው ፓቶሎጂስትና ማቅለሚያ፣ ሳይቆራረጥ የሚመጣ መድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጠፋውን ሕመምተኛ ስልክ ደውሎ የሚፈልግ ሰው። የሄደው ሰው ሞተ ወይስ ዳነ የሚለው ካልታወቀ ሙከራ የለም።

አጎት፦ ከብት የገባበት ማሳ እኛም ነበረን። አንዳንዱ ቴክኒሻን ይሰርዘውና «ውጤት የለም» ይላል። አለቃችን አይፈቅድም ነበር፤ ከብት የገባውም ይጻፍ፣ ያ ዝርያ ከብት የሚጠራ ከሆነስ ይል ነበር።

ሐኪሟ፦ እሱን ሰው ቢሮዬ ውስጥ በፈለግሁት! ሕክምና አቋርጦ የጠፋ ሰው ከቁጥሩ ከወጣ መድኃኒቱ ሁልጊዜ የሚያድን ይመስላል። የጠፋው ምናልባት የጠፋው በመድኃኒቱ ጉዳት ነው።

አጎት፦ ግን ንገሪኝ፤ ወንድሜ ሙከራ ውስጥ ግባ ቢባል የሙከራ አይጥ አደረጋችሁኝ አይልም?

ሐኪሟ፦ ይላሉ፤ ቢሉም መብታቸው ነው። በሚገባቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ተቀምጦ ሊነገራቸው ይገባል። አለመግባትም፣ ገብቶ መውጣትም እንደሚቻል ጭምር። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያጸድቀው፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቅደው የሚጀመር የመድኃኒት ሙከራ መኖር የለበትም። በካንሰር ሙከራ ውስጥ ደግሞ የሚሠራ ሕክምና እያለ ባዶ ኪኒን የሚሰጠው ሰው የለም፤ ማነጻጸሪያው ያለው ምርጡ ሕክምና ነው። ግን አሁን ለሳቸው እንዲህ ያለ ሙከራ የለኝም። ያለኝ ጂዲፒ ነው፤ ከተገኘም ከሪቱክሲማብ ጋር።

አጎት፦ መቼ ይጀምር?

ሐኪሟ፦ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ናሙና እንደገና ይወሰዳል፤ በመርፌ ሳይሆን ንፍፊቱ ተቆርጦ።

አጎት፦ ሊምፎማ መሆኑ ተረጋግጦ የለም ወይ?

ሐኪሟ፦ የዛሬ ሁለት ዓመት ተረጋግጧል። አሁን የወጣው ግን ቲቢ ቢሆንስ? ኬሞ ሰውነትን ካደከመ በኋላ ቲቢ ይነሳል። ሊምፎማም ቢሆን ሲዲ 20 ምልክቱ አሁንም አለ ወይ፣ ይታያል። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም የግድ ነው፤ በደሙ ውስጥ ተኝቶ ያለ ቫይረስ በሪቱክሲማብ ሊቀሰቀስና ጉበትን ሊያጠፋ ይችላል። የኤችአይቪ፣ የኩላሊት፣ የልብ። የድሮውን ካርድ ይዘው ይምጡ፤ የስድስቱ ዙር ቀንና መጠን የተጻፈበትን። ናሙናው የታየበት ቦታ ደግሞ በሰም የተያዘች ትንሽ ብሎክ አለች፤ አትጣልም፣ እሷን ጠይቀው ያውጡ። ከወረቀቱ ይልቅ እሷ ናት የምትጠቅመኝ።

አጎት፦ ይህን ከልጆቹ አንዱ ይያዘው፤ እኔ እረሳለሁ። እሺ፣ ህንዱስ? ሰውየው ቅዳሜ ነው በሬዎቹን ሊወስድ የሚመጣው። ቀብድም ሰጥቷል።

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ ፓርማን ያስታውሱ። ከ215ቱ ለንቅለ ተከላ ዕጣ የደረሳቸው ሁለት ዙር ወስደው ዕብጠቱ ከቀለጠላቸው 109ኙ ውስጥ ነው። ላልቀለጠላቸው ሰዎች ንቅለ ተከላው ይጠቅማል ብሎ ያሳየ የለም። እነዚያን ሁለት ዙሮች እዚሁ መውሰድ ይቻላል፤ ስድስት ሳምንት ነው። ከዚያ በራጅ ይታያል። ከቀለጠ ስለ ህንድ እናወራለን፤ ዕድሜያቸውም፣ ልባቸውም ይፈቅድ እንደሆነ። ካልቀለጠ ህንድ ሄደው የሚመለሱት በሬ አልባ ሆነው ነው።

አጎት፦ ደግሞ አሁን የእርሻ ወቅት ሊገባ ነው።

ሐኪሟ፦ ደግሞ እሱም አለ። ቀብዱን ይመልሱለት።

አጎት፦ ይቆጣል። ከሩቅ፣ ከባኮ በኩል ነው የመጣው።

ሐኪሟ፦ ይቆጣ። ስልኩን ይስጡኝ፣ ካስፈለገ እኔ አናግረዋለሁ።